ምዕራፍ ሰባት፦ የሚገድል ወይስ የሚያነሳ?

አንድ ሱቅ፣ ሦስት ምርጫ

የኅዳር መጀመሪያ ነበር። ዓለም ገና፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሱቅ በር ላይ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴት ሕፃን አዝላለች፤ ሕፃኑ ያስላል። ሌላው ልጇ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ይጠርግና በዚያው እጁ የባንኮኒውን ጠርዝ ይይዛል፤ ደግሞ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይይዛል። እናቱ ባለሱቁን፣ «ለነሱ እጅ የሚሆን ደህና ነገር ስጠኝ» አለችው።

ባለሱቁ ሦስት ነገር ደረደረላት። አንዱ ተራ የገላ ሳሙና ነው። ሁለተኛው መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ሳሙና ሆኖ ማሸጊያው ላይ 99.9 በመቶ ጀርም እንደሚገድል ተጽፎበታል። ሦስተኛው ሃይላንድ ውስጥ የተሞላ፣ አንድም ፊደል ያልተለጠፈበት ሰማያዊ ፈሳሽ።

«የቱ ይሻላል?»

«እህቴ፣ የሚገድለውን ውሰጂ!»

ለአፍታ እንኳ አላመነታም። እሷም ከተራው እጥፍ ከፍላ የሚገድለውን ወሰደች።

አስቁሜ ላናግራት ቃጥቶኝ ነበር። የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ስለ ሳሙና መስበክ ግን የሚያስቅም የሚያሳፍርም ስለሆነ ተውኩት። ይህ ምዕራፍ የዚያን ዕለት ያልተናገርኩት ነው። የገዛችው ሳሙና መጥፎ አልነበረም፤ ስህተቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። ለእጅ የሚሆን ነገር ስንመርጥ «ምን ያህል ይገድላል?» ብለን እንጠይቃለን። መጠየቅ የነበረብን «ምን ያህል አንስቶ ይወስዳል?» ብለን ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝን ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሱቅ ስንገባ መደርደሪያው ራሱ ይናገራል።

ኅዳር ሲታጠን የተረሳው ነገር

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ በእነዚህ ከተሞች ብቅ ቢሉ የሚቀበልዎት ጭስ ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ የተጀመረው በ1911 ዓ.ም. ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በዚያ ኅዳር አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። ሰዉ በሽታው ከአየር ነው ብሎ አየሩን አጠነ። ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ።

በግማሽ ልክ ነበሩ። ኢንፍሉዌንዛ በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ጭሱ ግን ቫይረሱን ምንም አያደርገውም፤ የአስም ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ከማስጨነቅ በቀር ፋይዳ የለውም። የተረሳው ሌላው ግማሽ እጅ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንዳየነው ቫይረስ ራሱን ችሎ የማይራባ፣ የሰው ሴል ውስጥ ካልገባ ምንም የማያደርግ ነገር ነው። እግርም ክንፍም የለውም። ከልጁ አፍንጫ ወደ እጁ ጀርባ፣ ከእጁ ጀርባ ወደ ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው እኔ ገንዘብ ስቀበል ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ ሳላስበው ወደ ዓይኔ የምወስደው እኔው ነኝ። እኛ ደግሞ በእጅ የምንበላ፣ በእጅ የምናጎርስ ሕዝብ ነን። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ከጣት ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚወስድ አጭሩ መንገድም ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ እጅን በሳሙና መታጠብ ጉንፋንና መሰሎቹን የመተንፈሻ በሽታዎች የሚቀንሰው ከ16 እስከ 21 በመቶ ነው። ተቅማጥ ላይ ውጤቱ ከዚህ ይበልጣል። በጉንፋን ሰሞን አምስት ጊዜ ሊታመም የነበረ ቤተሰብ አራት ጊዜ ታመመ ማለት ነው። ለአንድ ሳሙና ዋጋ ግን ከዚህ የተሻለ የሚሠራ ነገር ፋርማሲ ውስጥም አላውቅም።

ሳሙና ደላላ ነው

በሁለተኛው ምዕራፍ ውሃና ዘይት ለምን እንደማይስማሙ አይተናል። የዶሮ ወጥ የተሠራበትን ድስት በውሃ ብቻ ሲያጥቡ ቅባቱ ከድስቱ ግድግዳ ወደ እጅዎ ይዞራል እንጂ አይሄድም። ውሃ ከውሃ ጋር ነው የሚነጋገረው፣ ቅባት ከቅባት ጋር። ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰው ደላላ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ፣ አንዳንዴም ሳይዋደዱ፣ ደላላው በአንድ እጁ አንዱን በሌላ እጁ ሌላውን ይዞ ያገናኛል። የሳሙና ሞለኪውል እንዲሁ ነው። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፤ ረጅሙ ጭራው ውሃን ሸሽቶ ቅባት ውስጥ ይወሸቃል። እጃችን ላይ ላብ፣ የምግብ ቅባት፣ የቆዳ ወዝ አለ፤ ጀርሙም የተጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ሳሙናው ቅባቱን በጭራው ከብቦ ትንሽ ትንሽ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ከዚያ ውሃው የደላላውን ሌላ እጅ ይዞ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ጀርሙ ሞተም አልሞተም ከእጅዎ ወርዷል።

ይህን ሥራ እናቶቻችን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል። እንዶድ ልብስ የሚያጥበው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ መግቻ ያገኙት ከዚህ ተነስተው ነው፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለውበታል። (እንዶድ ለልብስ ነው፤ የልጅ እጅ ላይ እንዲሞከር አልመክርም፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል።) የጠላ ጋን በግራዋ ሲታሽም ዋናው ሥራ የመታሸቱ ነው። ማሸት ባይኖር ደላላው ሥራ ፈት ነው፤ ሳሙና ቀብቶ ወዲያው ያለቀለቀ ሰው ደላላውን ቀጥሮ ከገበያው ያላደረሰ ነው። ሃያ ሰከንድ የሚባለው ለዚህ ነው። አውራ ጣት፣ የጣቶች መካከል፣ የጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ናቸው።

ካፖርት የለበሰና ያልለበሰ

ሳሙና መግደልም ይችላል። ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ላያቸው ላይ ስስ የቅባት ሽፋን አለ፤ ካፖርት በሉት። የሳሙናው ጭራ ያንን ካፖርት ሲያገኝ ቀዳድዶ ይጥለዋል፤ ቫይረሱም ይፈርሳል። አልኮልም እነዚህን በቀላሉ ያፈርሳል።

ተራውን ጉንፋን በብዛት የሚያመጣው ራይኖቫይረስ የሚባለው ግን ካፖርት የለውም። እንደ ሽንብራ ደረቅ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው ያለው። ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው ኖሮቫይረስም እንዲሁ። ካፖርት የሌለውን ማን ይገፈዋል? አልኮል በነዚህ ላይ ጉልበቱ ይደክማል። ሳሙናና ውሃ ግን ያልለበሰውንም የለበሰውንም ለይቶ አይጠይቅም፤ አንስቶ ይወስዳል። የ«ማንሳት» ብልጫ ይህ ነው፦ ገዳይ ሁሉ የሚገድለውን መርጦ ነው፤ አንሺ አይመርጥም።

የዓለም ገናው ልጅ ንፍጥ ትዝ አለኝ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ሙከራ ልክ በዚያ ላይ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኢንፍሉዌንዛ ያለበትን አክታ ጣት ላይ አድርገው፣ ሳይደርቅ፣ በአልኮል ሞከሩት። ከሁለት ደቂቃ በኋላም ቫይረሱ አልሞተም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አክታው እንደ ወፍራም አጥሚት አልኮሉን አላሳልፍ ብሎታል። በውሃ እጅ መታጠብ ግን በ30 ሰከንድ ጨረሰው። እንግዲህ አፍንጫው የሚፈስ ልጅ ያለበት ቤት ሳኒታይዘርን ዋና መከላከያው አድርጎ መያዝ የለበትም።

ስለ 99.9 በመቶም አንድ ነገር ልበል። ቁጥሩ የሚገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በተመረጡ ጀርሞች ላይ፣ በተመረጠ ጊዜ ነው። የልጅ እጅ ከጭቃ፣ ከቅባትና ከንፍጥ ጋር ነው የሚመጣው። ቁጥሩ በትክክል ቢሠራ እንኳ እጅ ላይ አንድ ሚሊዮን ጀርም ካለ አንድ ሺህ ይቀራል። ተራ ሳሙናን ስለ ራሱ እንዲህ ሲፎክር ያየው የለም።

የመድኃኒት ሽታ ዋጋው ስንት ነው?

ከዓለም ገናው ሱቅ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰዉ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነውና።

ካራቺ፣ ፓኪስታን፣ ድሆች ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንድ ትልቅ ጥናት ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አንዳንዱ ቤት ተራ ሳሙና ተሰጠው፤ አንዳንዱ ጀርም ገዳይ የተጨመረበት ሳሙና ተሰጠው፤ የቀሩት እንደ ወትሯቸው ኖሩ። ሳሙና በተሰጣቸው ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዛቸው ነገር በግማሽ ቀነሰ። ተቅማጡም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ተራው ሳሙናና ጀርም ገዳዩ ሲነጻጸሩስ? ልዩነት አልተገኘም። ቤት ለቤት እየተዞረ መታጠብ እንዲለመድ ስለተደረገ ሥራውን የሠራው መታጠቡ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2016 እ.ኤ.አ. ትሪክሎሳንና ትሪክሎካርባን የሚባሉትን ጨምሮ 19 ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገሮች ለቤት በሚሸጥ የእጅና የገላ ሳሙና ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። አምራቾቹ ለብዙ ዓመታት ከመጠቀም የሚመጣ ጉዳት እንደሌለ፣ ከተራ ሳሙናና ውሃም እንደሚበልጡ አስረዱ ሲባሉ ማስረዳት አልቻሉም። እኛ አገር የሚገባው ሳሙና ከየትም ስለሚመጣ ማሸጊያው ላይ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን ዝርዝር ማየት አይጎዳም፤ ሁለቱን ስሞች ካገኙ ሳሙናውን ለባለሱቁ መመለስ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለቤተሰብ እጅ ከመድኃኒት ሳሙና ተራ ሳሙና ይመረጣል። ሽታው ቀለል ያለ፣ ቀለሙ ያልደመቀ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩ ያጠረ ቢሆን ደግሞ የበለጠ። ቆዳን የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ሳይሆን ሽቶውና ማቆያው ነው።

አልኮል፣ ቢራና አረቄ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር በማግስቱ ፋርማሲው ሁሉ አልኮል አለቀበት። ሳኒታይዘር የሚለውን ቃል የሱሉልታ ገበሬም የቡራዩ ተማሪም የለመደው ያኔ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ውሃ በሌለበት፣ ታክሲ ውስጥ፣ እጅ በዓይን የሚታይ እድፍ ሳይኖረው። ግን ለመምረጥ አንድ ቁጥር ማወቅ ይበቃል፦ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል።

ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር ናትና በዚያ እንለካ። ቢራ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ነው። ደህና የሚባለው የአገር ቤት አረቄ 50 በመቶ የሚደርሰው በጭንቅ ነው፤ ስለዚህ በኮሮና ጊዜ እጃቸውን በአረቄ ያሹ ሰዎች ሽታውን እንጂ ጥቅሙን አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል ነው። ከዚህ በላይ እየጨመረ ቢሄድ ይሻላል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ አይሻልም። አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን የሚያፈርሰው ውሃ ሲያግዘው ነው። ያለ ውሃ፣ ንጹሕ አልኮል ቶሎ ይተናል፤ ጀርሙንም እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። ቋንጣ ደግሞ የሚሠራው ሥጋው እንዲቆይ መሆኑን ያውቃሉ።

ዋናው አደጋ ኤታኖልና ሜታኖል መምታታታቸው ነው። በስም ወንድማማች ናቸው፤ በመልክም በሽታም ለመለየት ያስቸግራሉ። ኤታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ይወጣል፤ ፊንጫአና መተሐራ የሚጠመቀው እሱ ነው። ሜታኖል ለኢንዱስትሪ የሚያገለግል ሲሆን ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ ቆዳ ላይ ደጋግሞ መቀባቱም ጉዳት አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ሜታኖል ያለበት ሳኒታይዘር የጠጡ 15 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ፣ ከዳኑትም የዓይናቸው ብርሃን የተጎዳ ነበሩ። ኢራን ውስጥ በዚያው ሰሞን ኮሮናን ይከላከላል ብለው ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ የአምራቹ ስም፣ የአልኮሉ ዓይነትና መጠን፣ የምርት መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት ሳኒታይዘር በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። የሚያጠራጥር ነገር ካገኙ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ስለ እሳት ደግሞ በየማሸጊያው ተጽፎ ማንም አያነበውም። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። እኛ ቤት ቡና የሚፈላው በከሰል ነው፤ ቡና የምታፈላዋ ሴት ሳኒታይዘር ተቀብታ እጇ ሳይደርቅ እሳት ልታራግብ ጎንበስ ትላለች። እስኪደርቅ ድረስ እጅ ለእጅ ማሸት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ አደጋው የለም።

የሱሉልታ ብርድ እና የተሰነጠቀ እጅ

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ተብሎ የተመከረው ሆዳችን ነው፤ ቆዳችንን የሚያስበው የለም። ልጆች ኅዳር ሲገባ የእጃቸው ጀርባ እንደ ደረቅ መሬት ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ሳሙና ሲነካው ያቃጥላል፤ ከዚያ መታጠብ ይሸሻሉ። እዚህ ላይ የምርቱ ምርጫ ለውጥ ያመጣል።

ኬሚስቶች ኮምጣጣነትን ከ0 እስከ 14 በሚደርስ መለኪያ ይለካሉ። ሎሚ ታች ነው፣ ንጹሕ ውሃ መሐል 7 ላይ፣ የአመድ ውሃ ከላይ። ጤናማ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፤ ለእርጎ ይቀርባል። የገላ ሳሙና ደግሞ 9 ወይም 10 ላይ ይውላል። በታጠብን ቁጥር ቆዳ ለጊዜው ይዛባና ራሱን ያስተካክላል፤ በብርድና በድርቅ ሰሞን ግን ማስተካከሉ ይዘገያል። የልብስ ሳሙናና ኦሞ ከዚህም ይከፋሉ፤ ወዙን ከነመከላከያው ነው የሚገፉት። ሌላ ከሌለ ከምንም ይሻላሉ፤ በየቀኑ ለልጅ እጅ ግን አይሆኑም። ግሊሰሪን ያለበት የገላ ሳሙና ለዚህ ሰሞን ደህና ነው። ታጥበው በፎጣ እየተጫኑ አድርቀው፣ እጁ እርጥበት ሳይለቀው ቫዝሊን መቀባት ርካሽና የተፈተነ መድኃኒት ነው።

ውሃው መሞቅ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳብኛል። የለበትም። የአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀዝቃዛም ሞቃትም ውሃ ባክቴሪያ በማስለቀቅ ረገድ እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ሙቅ ውሃ ወዝ ይገፋል እንጂ የተለየ አያነሳም። ልጁ በብርድ እንዳይሸሽ ብለው ለብ ካደረጉለት ግን የሚቃወምዎት የለም፤ የታጠበ ልጅ ካልታጠበ ይሻላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት

በአራተኛው ምዕራፍ ቡራዩ አጠገብ ካለው ገፈርሳ ውሃው ወደ አዲስ አበባ እንዴት እንደሚሄድ ስንከተል፣ ግድቡ ሥር ያሉ ሰዎች ጄሪካን ይዘው መሰለፋቸውን አንስተን ነበር። «የሚፈስ ውሃ» የሚለው ምክር ለነሱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የሚፈስ ማለት የተነሳው ተመልሶ የማይመጣበት ማለት ነው። አራት ልጅ በአንድ ሳህን ውሃ ተራ በተራ ሲታጠብ የመጀመሪያው ያወረደውን የመጨረሻው ይለብሰዋል። ከጆግ በቀጭኑ የሚንቆረቆር ውሃ ግን ሥራውን ይሠራል፤ የአያቶቻችን ማስታጠቢያ ትክክለኛ ንድፍ ነው።

ልማዳችን አንድ እንከን አለው። ከምግብ በፊት በውሃ ብቻ ለቅለቅ እናደርጋለን፤ ሳሙናው የሚመጣው ከበላን በኋላ፣ ወጡንና ቅቤውን ለማስለቀቅ ነው። ጀርሙ ግን የገባው ከመብላታችን በፊት በነበረው እጅ ነው። ሳሙናውን ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ጄሪካኑን በእንጨት ሰቅሎ በእግር በሚረገጥ ገመድ የሚያዘነብለው መታጠቢያ በጆግ ከሚፈሰው በጣም ያነሰ ውሃ ይፈጃል፤ ቧንቧ የሚነካ እጅም የለበትም። ሳሙና በቶሎ ያልቃል ወይም ይሰረቃል ለሚሉ ደግሞ የሳሙና ውሃ አለ፦ ጥቂት የዱቄት ሳሙና በአንድ ተኩል ሊትር ውሃ በጥብጦ ክዳኑን በሚስማር መብሳት። ባንግላዴሽና ኬንያ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል። ለትምህርት ቤት ደጃፍ ጥሩ ነው።

ፈሳሽ ሳሙና ሲገዙ ዕቃው ይታይ። ሳያልቅ እየተሞላ፣ እየቀጠነ፣ ውሃ እየተጨመረበት የሚኖር ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲህ በተበከለ ሳሙና የታጠቡ ተማሪዎች ከመታጠባቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ባክቴሪያ እጃቸው ላይ ተገኝቶባቸዋል። ከሞሉ ዕቃው መጀመሪያ ታጥቦ ይድረቅ። ደረቁ ሳሙና ግን ቤተሰብ ሁሉ ቢነካው የሚያሰጋ አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ላይ ሆን ተብሎ ባክቴሪያ በተቀባ ሳሙና 16 ሰዎች ታጥበው አንዳቸውም እጅ ላይ ባክቴሪያው አልተገኘም። ውሃ የማይቋጥር፣ ታቹ ቀዳዳ ያለው ማስቀመጫ ይበቃዋል።

ሃይላንዱ

ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ደህና ፈሳሽ ሳሙና ነው። የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ነው። በእነዚህ ከተሞች በረኪናም፣ ላርጎም፣ ነጭ ጋዝም፣ ሳኒታይዘርም በሃይላንድ ይሸጣል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ሃይላንድን የሚያውቀው በውሃነቱ ነው።

በረኪና ለእጅ አይደለም። በኢቦላ ጊዜ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በጣም ቀጥኖ ለእጅ መዋሉ እውነት ነው፤ ያ የባለሙያ ልኬት የነበረው የወረርሽኝ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ በዓይን ገምተው ያቀጠኑት ቆዳ ያቃጥላል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ቆሻሻው ይልቀቅ ብለው ሁለቱን አንድ ላይ ያፈሰሱ ሰዎች ከሽንት ቤታቸው እየሳሉ ወጥተዋል። ሳኒታይዘርም ለሕፃን ጥቂት ጉንጭ ብቻ ይበቃዋል፤ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የፍራፍሬ ሽታ ያለው ሳኒታይዘር ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት የማይገዛው ለዚህ ነው።

ዛሬ ማታ ጓዳዎን ይዩ። ሃይላንድ ውስጥ ያለውን በረኪና ወደ ሌላ ምልክት ያለው ዕቃ ያዛውሩት፤ ከሌለዎት ስሙን በትልቁ ጽፈው ይለጥፉበትና ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይስቀሉት። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውከው ጣት አይክተቱበት፤ ወተት ወይም ዘይትም አይጋቱት። አፉን በውሃ አለቅልቀው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲሄዱ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «ምን ጠጣ?» ብሎ ነው።